አቤት የሚል ሱቅ

በአገራችን ሰው ሲጠራ «አቤት» ይላል። ይህችን አንዲት ቃል ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ይማራታል። ተጠርቶ ዝም ያለ ልጅ የሚገሠጸው የተፈለገውን ነገር ስላላቀረበ አይደለም፤ አቤት ስላላለ ነው። ውሃ ተጠይቆ ውሃ በቤት ባይኖር፣ «አቤት፤ ውሃው አልቋል» ማለት ነውር የለበትም። ነውሩ ዝምታው ነው። አቤት ባይ በታጣበት ቦታ ሁሉ ቈይቶ የሚመጣው አቤቱታ መሆኑንም፣ በመሥሪያ ቤት የዋላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

የገበያም ሕግ ይኸው ነው። መርካቶ ወርዶ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ደጃፍ የቆመ ሰው፣ ባለ ሱቁ «ምን ልታዘዝ?» ሳይለው ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ጨርቁን ይዳስሳል፤ ሲታጠብ ይለቅ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላል፤ ሊሄድ ዞር ሲል ይጠራል፤ ይመለሳል። ሽያጩ የሚፈጸመው ከዚህ ሁሉ ቃል መለዋወጥ በኋላ ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለውም ለማዕድ ብቻ አይደለም።

የዛሬው ጨዋታችን ደጃፍም ባንኮኒም ስለሌለው ሱቅ ነው። ይኸውም በኢንተርኔት ስለሚከፈተው ሱቅና፣ ደንበኛ ሲጣራ በርሱ ውስጥ አቤት ለማለት ስለሚያስችለው መሣሪያ፣ ቻት ስለሚባለው ነገር ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ አንባቢዎች፤ ከእናንተ መካከል የእኅቱን የእጅ ሥራ፣ የጓደኛውን ጫማ፣ የእናቱን በርበሬና ሽሮ በድረ ገጽ ለመሸጥ ያሰበ ወይም የጀመረ አይታጣም። ተማሪው የትምህርት መሣሪያ መግዣ፣ ጀማሪው የመንግሥት ሠራተኛም የቤት ኪራይ መደጎሚያ ይፈልጋልና ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ድረ ገጹ ሲከፈት የጫማው ሥዕል ይታያል፤ ዋጋው ተጽፏል፤ «ይግዙ» የሚል ቁልፍም አለ። ገዢዋ ጫማውን ወዳዋለች፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ታስባለች። 38 ቁጥሩ ጠበብ ይላል ወይ? አዳማ ድረስ በስንት ቀን ይደርሳል? ልክ ባይሆነኝ ይመለስልኛል ወይ? የምትጠይቀው ሰው የለም። ገጹን ትዘጋውና ትሄዳለች። አልተቈጣችም፤ አልተሳደበችም፤ አቤቱታም አላስገባችም፤ ሄደች ብቻ። ባለ ሱቁም ማታ ሒሳቡን ሲያይ ምን እንደ ጐደለበት አያውቅም፤ ያልተሸጠ ዕቃ እንጂ ያልተመለሰ ጥያቄ በመዝገብ አይጻፍምና።

ለዚህ የተበጀው መድኃኒት ከገጹ ግርጌ በአንድ ጥግ የምትታይ ትንሽ ምልክት ናት። ገዢዋ ስትነካት ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ ጥያቄዋን ትጽፋለች፤ ባለ ሱቁም በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ አይቶ በዚያው ቅጽበት ይመልስላታል። ነገሩ ከዚህ አያልፍም።

መሣሪያው ከየት እንደ መጣ ጥቂት እንናገር። ሰዎች በኮምፒዩተር ተያይዘው በቀጥታ መጻጻፍ የጀመሩት ድረ ገጽ ከመፈጠሩ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። በ1973 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕላቶ በሚባለው የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ላይ፣ ዳግ ብራውንና ዴቪድ ዎሊ የተባሉ ወጣቶች ቶኮማቲክ የሚባል ፕሮግራም ሠሩ። በአንድ መስመር እስከ አምስት ሰው ይጻጻፍበት ነበር፤ እያንዳንዱም ፊደል እንደ ተጻፈ ወዲያው በሌሎቹ መስታወት ላይ ይታይ ነበር። በ1988 ደግሞ ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ፊንላንዳዊ በኡሉ ዩኒቨርሲቲ ሳለ አይ አር ሲ የተባለውን የብዙ ሰዎች መወያያ ፈጠረ።

ድረ ገጽ ግን ሲፈጠር የተሠራው ለጨዋታ ሳይሆን ለንባብ ነበር። አንባቢው ገጽ ይጠይቃል፤ ኮምፒዩተሩ ገጹን ይልካል፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። በዚህ ዓይነት አሠራር ቻት ማስገባት አስቸጋሪ ነበር። የደንበኛው ስልክ አዲስ መልእክት መኖሩን ለማወቅ በየጥቂቱ «መጣ ወይ? መጣ ወይ?» እያለ መጠየቅ ነበረበት፤ ልክ በየአምስት ደቂቃው አንገቱን በበር እያስገባ «ፋይሌ ተገኘ?» እንደሚል ባለ ጉዳይ ማለት ነው። ባለ ጉዳዩም ይደክማል፤ ጸሐፊውም ይሰለቻል። በዲሴምበር 2011 ዌብሶኬት የሚባለው ሥርዓት በደንብነት ሲወጣ ነገሩ ቀለለ። በዚህ ሥርዓት በሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ገርበብ እንዳለ ይቈያል፤ ከሁለቱ ወገን የፈለገው በፈለገው ጊዜ ቃል ያቀብላል።

ዛሬ ይህን ለማስገባት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። አገልግሎቱን ከሚሰጡት ድርጅቶች በአንዱ ዘንድ ትመዘገባላችሁ፤ ያለ ክፍያ የሚሰጡም አሉ። ድርጅቱ ጥቂት መስመር ኮድ ይሰጣችኋል፤ ያንን ገልብጣችሁ በድረ ገጻችሁ ውስጥ ትለጥፉታላችሁ። ደንበኛዋ ገጹን ስትከፍት ያ ኮድ የቻቱን ፕሮግራም ከድርጅቱ ኮምፒዩተር ያስመጣል። ልብ በሉ፤ ይህ ፕሮግራም ክብደት አለው። ገጹ በቅድሚያ ተከፍቶ ቻቱ ከኋላ እንዲከተል ካልተደረገ፣ ደንበኛዋ ጫማውን ሳታይ ትሰለቻለች፤ የሞባይል ዳታዋም ያለ ጥቅም ያልቃል። ስለዚህ ሥራውን በቢሮ ዋይፋይ ሳይሆን በርካሽ ስልክና በሞባይል ዳታ ፈትኑት፤ ደንበኛችሁ የምታየው እርሱን ነውና።

እንግዲህ ወደ ገበያ እንመለስ። የቻት ነገር በንግድ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያስረዳ ታሪክ በቻይና አገር ተፈጽሟል። በ2003 ኢቤይ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ ኢችኔት የተባለውን የቻይና የኢንተርኔት ገበያ ሙሉ በሙሉ ጠቅልሎ ገዛ። በዚያው ዓመት አሊባባ የተባለው የቻይና ኩባንያ ታኦባኦ የሚባል ገበያ ከፈተ። የኢቤይ ገቢ ከሻጮች የሚሰበሰብ ክፍያ ነበርና፣ ገዢና ሻጭ አስቀድመው ከተገናኙ ከገበያው ወጥተው በጓሮ ይዋዋላሉ ብሎ ይሰጋ ነበር። ስለዚህም በቀጥታ እንዲገናኙ አላበረታታም። ታኦባኦ ግን ከሻጮች ክፍያ አይቀበልም ነበርና የሚሰጋበት ነገር አልነበረውም። በ2004 ዋንግዋንግ የሚባል ቻት አወጣ፤ ገዢው ከሻጩ ጋር ስለ ዕቃው እንዲጠያየቅና በዋጋ እንዲከራከር ፈቀደለት።

ቻይናዊውም እንደ እኛ ሳይጠይቅና ሳይከራከር መግዛት የማይወድ ነው። ሻጮቹ በቻቱ ላይ ገዢን «ቺን» ብለው መጥራት ጀመሩ፤ ትርጓሜውም «ወዳጄ፣ ውዴ» እንደ ማለት ነው። ቃሏ በአገሩ ሁሉ ታወቀች። በዲሴምበር 2006 ኢቤይ የቻይና ሥራውን ለብቻው መያዙን ትቶ ቶም ኦንላይን ከሚባል የአገሩ ኩባንያ ጋር ወደ ሽርክና ገባ። ይሁን እንጂ ድሉን ሁሉ ለቻት መስጠት ስሕተት ይሆናል። ያለ ክፍያ መሸጥ መቻሉና፣ ዕቃው ደርሶ ገዢው እስኪያረጋግጥ ድረስ ገንዘቡን በአደራ የሚይዘው አሊፔይም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከታሪኩ የምንማረው፣ ቻት የሚረዳው እምነት ለመገንባት በታሰበበት ቤት ውስጥ መሆኑን ነው። ማጭበርበር ባለበት ቤት ቻት ቢጨመር፣ አጭበርባሪው አንድ ተጨማሪ አፍ አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችሁ ሱቅ እንምጣ። ኮዱን ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ፤ አቤት የሚለው ማን ነው? በገጹ ጥግ «በቀጥታ ያነጋግሩን» ብሎ ጽፎ ለሁለት ቀን ዝም ማለት፣ ቻት ፈጽሞ ካለማስገባት ይከፋል። ቻት የሌለው ሱቅ ቃል አልገባም፤ ቻት ያለው ግን ቃል ገብቷል፤ ቃል ደግሞ የእምነት ዕዳ ነው።

በዚህ ላይ ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በሥራ ሰዓት፣ ስልክን በመሳቢያ ውስጥ አድርጎ ለሱቅ ደንበኛ መልስ መጻፍ አለ። ያን ጊዜ በመስኮቱ ፊት የቆመው ባለ ጉዳይ፣ ከሩቅ ክፍለ ሀገር መጥቶ አልጋ ተከራይቶ የሚጠብቀው አዛውንት፣ «ጌታዬ» እያለ ይጣራል፤ አቤት የሚለው የለም። ለራስ ደንበኛ በአንድ ደቂቃ መልስ እየሰጡ ለሕዝብ ባለ ጉዳይ «ነገ ይምጡ» ማለት ደመወዝን ከሁለት ወገን መብላት ነው። ችግሩ ደግሞ መፍትሔ የሌለው አይደለም። ሰዓታችሁን ወስናችሁ በገጹ ላይ ጻፉ፤ «በሥራ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እንመልሳለን» በሉ። ከዚያ ውጭ ምልክቷ የጽሑፍ ማስቀመጫ ትሁን፤ ደንበኛዋ ስልኳን ትታ ትሂድ፤ እናንተም በሰዓታችሁ ደውሉላት። ደንበኛ መጠበቅ አይጠላም፤ የሚጠላው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ አለማወቅን ነው። ተማሪዎችም በፈተና ሳምንት «እስከ እሑድ ዝግ ነው» ለማለት አትፈሩ።

ከባሕር ማዶ ለእናቷ ስጦታ ለመላክ የምትጽፍላችሁ ወገናችን ደግሞ ሌላ ሰዓት ላይ ናት። በዋሽንግተን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ገና ሌሊት ነው፤ ሊነጋ ጥቂት ይቀራል። እርሷን ሌሊት ተነሥታችሁ አትጠብቋት፤ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እንመልሳለን» የሚል አጭር ቃል አስቀድማችሁ አዘጋጁላት። በሰዓቱም መልሱላት።

ስለ አነጋገሩም ጥቂት ልበል። በጽሑፍ ፊት አይታይምና አክብሮት በቃል መታየት አለበት። ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ እስክታውቁ ድረስ «እርስዎ» በሉ። «ሄይ፣ ምን ፈለግሽ?» ያላችኋት ሴት፣ እናንተን በልጅነት ያስተማረች መምህርት ልትሆን ትችላለች። መልሱ አጭር ይሁን፤ ነገር ግን ሙሉ ይሁን። «አለ?» ብላ ለጠየቀች «አለ» ብቻ አትበሏት፤ «አለ፤ 38 ቁጥር ጥቁሩና ቡኒው ቀርቷል፤ ጠበብ ስለሚል 39 ቢወስዱ ይሻላል» በሉ። የሌለውን የለም በሉ። «ነገ ይገባል» ብሎ በማያውቁት ነገር ተስፋ መስጠት፣ ዛሬ አንድ ደንበኛ ለማስቀረት ነገ ሦስት ማባረር ነው።

አንድ ክፉ ልማድም አለ። ብዙ ሻጮች የዕቃውን ሥዕል ለጥፈው ዋጋውን አይጽፉም፤ ለጠየቀ ሁሉ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላሉ። ቻት ለዚህ አልተሠራም። ዋጋን መሸሸግ ገዢውን «የሰው ፊት አይቶ ነው የሚጠራው» ያሰኘዋል። ዋጋው በገጹ ላይ ይጻፍ፤ ቻቱ ዋጋው ያላስረዳውን ያስረዳ።

እንዲያውም የቻት ትልቁ ጥቅም መልሱ ሳይሆን ጥያቄው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ደብተር ያዙ። በየቀኑ ስንት ሰው እንደ ጠየቀ፣ ስንቱ በስንት ደቂቃ መልስ እንዳገኘ፣ ስንቱ እንደ ገዛ፣ ደግሞም ምን እንደ ጠየቀ ጻፉ። በወሩ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ሃያ ጊዜ ተደጋግሞ ካገኛችሁት፣ ጥፋቱ የጠያቂዎቹ አይደለም፤ ገጻችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጐድሎታል። «ወደ አዳማ በሦስት ቀን ይደርሳል» የሚለውን በዕቃው ሥዕል ሥር ጻፉ፤ ያ ጥያቄ ይቀንሳል። ደህና የተያዘ ቻት ሥራውን በየወሩ እያቀለለ ይሄዳል፤ ክፉኛ የተያዘ ግን ያንኑ ቃል ሲደግም ይኖራል።

በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ። አገራችን በቴሌግራም መገበያየትን ለምዳለች። ወደ ቴሌግራማችሁ የሚወስድ አንድ ቁልፍ በገጹ ላይ ብታደርጉ፣ ገጹ አይከብድም፤ ደንበኛዋም ገጹን ዘግታ ብትሄድ ጨዋታው በስልኳ ይቀራል። ቴሌግራም በማርች 2024 ለነጋዴዎች የሥራ ሰዓት መግለጫና የተዘጋጁ መልሶችን ጨምሯል፤ ከ2018 ጀምሮ ያለው ዋትስአፕ ቢዝነስም ተመሳሳይ ነገር ይሰጣል። ጉድለቱ፣ ደንበኛዋ የትኛውን ጫማ እያየች እንደ ጠየቀች ወዲያው አይታወቅም፤ የገጹ ቻት ግን ያሳያል። ስለዚህ በቁልፉ ጀምሩ፤ ጥያቄው ሲበዛ ወደ ገጹ ቻት እለፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሳይቸኩሉ መጀመር ይሻላል።

በቅርቡ ደግሞ ለሰው ፈንታ መልስ የሚሰጥ ማሽን መጥቷል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባሉ ሊቅ በአሜሪካ ኤም አይ ቲ ኢላይዛ የተባለች መልስ ሰጪ ፕሮግራም ሠርተው ያስታወቁት በ1966 ነበር። የዛሬዎቹ ማሽኖች ግን እጅግ አንደበተ ርቱዕ ሆነዋል፤ አደጋውም በዚያው ነው። አያቱ የሞተችበት አንድ ሰው የካናዳን አየር መንገድ የቻት ማሽን ስለ ለቅሶ ጕዞ ቅናሽ ጠየቀ። ማሽኑም ትኬቱን ገዝቶ ከተሳፈረ በኋላ ቅናሹን መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። የኩባንያው ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበርና ገንዘቡን ከለከሉት። ነገሩ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ዳኝነት ጉባኤ ሲታይ፣ ኩባንያው ማሽኑ ለራሱ ቃል ራሱ ኀላፊ እንደ ሆነ አድርጎ ተከራከረ። ጉባኤው በፌብሩዋሪ 2024 ይህን ክርክር ውድቅ አድርጎ፣ ወለድና ወጪውን ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር ያህል እንዲከፈለው ፈረደ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ በሱቃችሁ ስም የተነገረ ቃል፣ ሰውም ይናገረው ማሽን፣ የእናንተ ቃል ነው። ማሽን ብታስቀምጡ፣ ማሽን መሆኑን ለደንበኛው ንገሩ፤ ሰው ለማግኘት የሚያስችል መንገድም ክፈቱ።

በእኛም አገር የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ እንዲሁም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል (እነዚህ ዓመታት በአገራችን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው፣ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ ተጻፈ ብቻ በሕግ ፊት ዋጋ እንዳያጣ ያደርጋል። ስለዚህ በቻት ላይ የጻፋችሁት ዋጋና ቀን እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ሁለተኛው፣ የሰዎችን ስምና ስልክና አድራሻ የሚሰበስብ ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያዛል። የደንበኛን መልእክት ሥዕል አንሥቶ «እዩልኝ ይህችን» እያሉ ለጓደኛ መላክ ከነውርነቱም ሌላ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል።

የመጨረሻው ቃሌ ስለ ገንዘብ ነው። ቴሌብር በሜይ 2021 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ ቀሎናል፤ ለአጭበርባሪም እንደዚሁ ቀሎታል። በቻት ላይ የማንንም የምስጢር ቁጥር አትጠይቁ፤ በስልክ የመጣ ማረጋገጫ ቁጥርም አታስልኩ። በገጻችሁ ላይ «የምስጢር ቁጥርዎን ፈጽሞ አንጠይቅም» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ካደረጋችሁ፣ ነገ በስማችሁ ሌላ ሰው ቢጠይቃት ደንበኛችሁ ትጠረጥረዋለች። ገዢ ስትሆኑም ይህንኑ አስታውሱ፤ በቻት የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሻጭ፣ ሻጭ አይደለም።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፤ ሱቅ ብትከፍቱ አቤት የሚል ሱቅ ይሁንላችሁ። ዕቃው ቢያልቅ አልቋል በሉ፤ ሰዓቱ ቢያልፍ ነገ በሉ፤ ባታውቁ ጠይቄ ልንገርዎ በሉ። ዝም ግን አትበሉ። በመሥሪያ ቤታችሁ መስኮት ለቆመውም እንዲሁ።